ምላሳቸው የከዳቸው ቀማሚ

ሐሰት በአንደበታቸው አልተገኘም ብዬ ስለ እኒህ ቀማሚ ብመሰክር እወድ ነበር፤ ነገር ግን ሰው ናቸውና አምስት ወር ዋሽተዋል።

ሠላሳ ዓመት ያገለገሉት በአንድ ፋብሪካ የጄል ክፍል ነው። ሥራቸው ሁለት ዱቄቶችን ማዋሐድ ነበር፤ አንዱ ከባሕር ሣር፣ ሌላው ከሸርጣን ቅርፊት የሚወጣ። የአንዱ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ኔጋቲቭ፣ የሌላው ፖዚቲቭ በመሆኑ በንጹሕ ውኃ ቢገናኙ ወዲያው ተናንቀው እንደ ተበላሸ ወተት ይቋጥራሉ። ስለዚህ ብዙ ጨው በገባበት ውኃ ይሟሟሉ፤ ጨውም በመካከላቸው ሆኖ ያስታግሣቸዋል። ድብልቁ ጨው በሚያሳልፍ ስስ ከረጢት ተሞልቶ በንጹሕ ውኃ ገንዳ ይዘፈዘፋል። የገንዳው ውኃ በተለወጠ ቁጥር ጨው ጥቂት በጥቂት ይወጣል፤ ሁለቱም በዝግታ ተያይዘው የጠራ ጄል ሆነው ይረጋሉ። ከፊሉ ለፊት ቅባት፣ ከፊሉ የማቅለሚያ ፍሳሽ ለማጥራት ይሸጥ ነበር።

ቀማሚው ጨው ማለቁን የሚለዩት ውኃውን በመቅመስ ነው። መለኪያ ቢገዛም አለቃው ራሱ፣ መሣሪያ ይሳሳታል፣ የጋሼ ምላስ ግን አይሳሳትም ይል ነበር።

አንድ ጊዜ ብርቱ ትኩሳት ያዛቸው። ሲድኑ ጣዕም የሚባል ከምላሳቸው ጠፍቷል። የደረሱበት ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ፤ ቀማሚው ጨው የተረሳበትን ሾርባ ያለ አንዳች ቃል ጨርሰውት ነበርና።

«አንተ ሰው፣ ዕድሜ ልክህን በዛ አነሰ እያልክ አንጨርጭረኸኝ፣ ዛሬ ምን ነካህ?» አሏቸው።

እርሳቸውም እውነቱን ነገሯቸው። ባለቤታቸው ለአለቃው እንዲያስታውቁ ቢመክሯቸው፣ ምላስ የሌለውን ቀማሚ ማን ያኖረዋል ብለው ፈሩ። ከዚያ ወዲህ ቀን እየቆጠሩ፣ ለወጉ ያህል እየቀመሱ፣ ጨው አልቋል ይሉ ጀመር። አራት ወር ተሳካ። በአምስተኛው ብርድ ገባ፤ በቀዘቀዘ ውኃ ጨው ቶሎ እንደማይወጣ ሳያስቡት ቀሩ። የስድስት ገንዳ ሥራ ሳይረጋ እንደ ቀጭን ሙጫ ፈሰሰ።

በወቅቱ አልለወጠችም ተብሎ ጥፋቱ የገንዳውን ውኃ በምትለውጠው ሴት ተላከከ። ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ ናት። የስንብት ደብዳቤዋ ተጽፎ ፊርማ ሲጠብቅ ቀማሚው ሰሙ። ዝም ቢሉ ሥራቸው ይተርፍላቸው ነበር። ነገር ግን ወደ አለቃው ገቡ።

«ልጄ፣ እርሷ ለውጣለች። ምላሴ ከሞተ አምስት ወሩ ነው፤ የማስመስለው እኔ ነኝ።»

«ጋሼ፣ ያኔውኑ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርህ ታኖረኝ ነበር?»

አለቃው የስንብቱን ደብዳቤ መልሶ አነሣ። በደብዳቤው ላይ ያለው ስም ብቻ ተለወጠ።

ሲወጡ የፋብሪካው ቀልደኛ ዘበኛ በር ላይ፣ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ የተባለው ለእርስዎ ኖሯል እንዴ?» ቢላቸው፣ ፈገግ ብለው፣ «ለእኔማ የቀረኝ ድንጋይ መባሉ ነው» አሉት።

ሴቲቱም ብትሆን በሥራዋ አልሰነበተችም። ደንበኞች ስለ ሸሹ በሁለተኛው ወር የጄሉ ክፍል ተዘጋ። ቀማሚው ዛሬ ቤት ውለው ቤት ያድራሉ፤ ስለ ምላሳቸው ሐኪም ተስፋ አልሰጣቸውም፣ በዚያ ዕድሜ የሚቀጥራቸውም አልተገኘም።

እግዚአብሔር ኑዛዜያቸውን ይቀበልላቸው፤ ለባለቤታቸው ጽናትን፣ ለቤታቸው የዕለት ጉርስን አይንሳቸው። አሜን።