የወንድሜ ዘፈን በእህል በረንዳ

ወንድሜ አዲስ ዘፈን ሲያወጣ መጀመሪያ የሚያሰማው ለአበጣሪዎች ነበር። እህል በረንዳ፣ በአባታችን መጋዘን በር ላይ፣ ሴቶች ተቀምጠው ጤፍና ስንዴ በሰፌድ ያበጥራሉ። እሱ ጆንያ ላይ ይቀመጥና ጊታሩን ይመታል። "ወደዳችሁት?" ብሎ አይጠይቅም። ሰፌዱን ነው የሚያየው። ሳይታወቃቸው ሰፌዱ ከዘፈኑ ጋር መሄድ ከጀመረ ዘፈኑ ይቆያል። ካልጀመረ ይጥለዋል። እኔ በጣም የምወዳቸውን እንኳ ጥሏል።

ከሞተ አንድ ክረምት አለፈ። ስለ እሱ ስጠየቅ ቃል ያጥረኛል። ስለ አንድ ቀን ግን መናገር እችላለሁ።

ሮክ የተማረው አንድ ሙዚቃ ቤት ደጃፍ ቆሞ ነው። ባለቤቱ የውጭ ሸክላ ሲያጫውት፣ ወንድሜ ጣቶቹን ሱሪው ላይ እያንቀሳቀሰ ይሰማ ነበር። ቆይቶ የራሱን ግጥምና ዜማ ይዞለት ሄደ። ሸክላ የሚያሳትም ሌላ የምናውቀው ሰው አልነበረም። እሱ እምቢ ካለ አለቀ።

"በአማርኛ እንዲህ ያለ ጩኸት ማን ይገዛኛል?" አለው።

ወንድሜ ለመነው። በመጨረሻ፣ "እሺ፣ መጥቼ እሰማለሁ። አንዴ ብቻ" አለ።

መጣ። ወንድሜ ጆንያ አራግፎ፣ "ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ" አለው። ከአበጣሪዎቹ ትልቋ ሳቀች።

"አንተ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ በምን ልታደነቁረን ነው?"

"በአዲስ ነው፣ እማማ።"

"ያን ጣውላ ከምታክክ ስንዴ ብታበጥር ይሻልህ ነበር!"

ዘፈኑ ለእናቱ ነጠላ ሊገዛ መርካቶ መጥቶ የመመለሻው መንገድ ስለጠፋበት ሰው ነው። ቀስ ብሎ ጀመረ። ከበሮ መግባት ያለበት ቦታ ሲደርስ መሬቱን በእግሩ ይመታ ጀመር። ድምፁ ተለወጠ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ሰፌዶቹን አየሁ። ቆመዋል። አንዱም አይንቀሳቀስም። በቃ፣ ወደቀ አልኩ። ወንድሜም አይቶ ፊቱ ጠቆረ። ግን አላቋረጠም። እንዲያውም ከፍ አደረገው።

ያን ጊዜ ነው አንድ ኩሊ ያየሁት። ኩንታል ጤፍ በጀርባው ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሟል። ኩሊ ሸክም ይዞ አይቆምም። መቆሙ ከመሄዱ ይከብዳል፤ ለዚህ ነው ሁልጊዜ "ዞር በል!" እያለ የሚሮጠው። ይሄኛው ቆሟል። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ዘፈኑ እስኪያልቅ ንቅንቅ አላለም።

አለቀ። ኩሊው ኩንታሉን ዱብ አደረገው። የሙዚቃ ቤቱ ሰውዬ ዞር ብሎ፣ "አንተ፣ ምነው ሸክሙን አታወርድም ነበር?" አለው።

"ሳወርድ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው፣ ጌታው።"

ማንም አልሳቀም። ትልቋ ሴት ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ "ድገመው እስቲ" አለች። ሰውዬው ተነሳ። የሱሪውን አቧራ አራገፈ፣ ብዙ ጊዜ አራገፈ።

"ሐሙስ ና። ጊታርህን እንዳትረሳ" አለው።

ሸክላው ወጣ። ሌሎችም ተከተሉ። ሰው መንገድ ላይ ያስቆመው ጀመር። ከዚያ ታመመ፤ ስለሱ አሁን መናገር አልችልም።

ዛሬም በየሱቁ ሸክላው ይዘፍናል። ድምፁን ስሰማ እግሬ ይቆማል። ማታ ማታ ብርድ ልብስ ይነጥቀኝ የነበረ ልጅ ይህንን ድምፅ ከየት አመጣው? አንድ ቤት አደግን፣ አንድ ወጥ በላን። ወንድሙ ነኝ፤ ግን እኔም አላውቅም።