ጤፍ ውስጥ የከረመው ኮምፒውተር

ደሴ ላይ ኮምፒውተር ስጠግን በኖርኩባቸው ዓመታት ከእነዚያ ሣጥኖች ውስጥ ያላወጣሁት ነገር የለም፤ በረሮ ከነልጅ ልጁ፣ የአይጥ ጎጆ፣ አንዴም አንዲት ሴትዮ ባሏ እንዳያገኝባት የሸሸገችው የወርቅ ቀለበት። ጤፍ ግን አውጥቼ አላውቅም ነበር። በዚህ ዓመት መካነ ሰላም እናቴ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የልጅነታችንን ኮምፒውተር ፈትቼ ዘንበል ሳደርገው፣ ቀይ ጤፍ ኩልል እያለ ወረደ። እህል መሬት ሲነካ የማትወደው እናቴ ሰፌድ ይዛ ከሥር ከሥር ተቀበለችው። ያ የታፈነ የእህል አቧራ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ እህቴ ሰአዳ ፊቴ ድቅን አለች።

ጤፍ ውስጥ ያስገባው የኔው ምክር ነው። እናቴ በስልክ የት ላስቀምጠው ስትለኝ፣ ሥራ ይዤ ስለነበር፣ ደረቅና አይጥ የማይደርስበት ቦታ አድርጊው ብዬ ዘጋሁባት። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ቦታ አንድ ብቻ ነው። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውምና እናቴ ባቄላውንም እንቁላሉንም የምታቆየው ጤፍ ውስጥ ቀብራ ነው። ኮምፒውተሩንም በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ትልቁ በርሜል ውስጥ ቀበረችው፤ ጤፉ ሲያልቅ እያወጣች፣ አዲሱ ሲገባ መልሳ እየቀበረች ስንት ዓመት ጠበቀችው።

መምህር የነበረው አባታችን ይህን ኮምፒውተር ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ገዝቶ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ጭኑ ላይ አቅፎ ሲያመጣው እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ጎረቤቱ ልጅ የተወለደልን ይመስል እየገባ እንኳን ደስ አላችሁ አለን፤ እናቴም ብርድ እንዳይመታው ብላ የአልጋ ልብስ ደረበችለት። መብራት የሚመጣው በስንት ጊዜ ነው፤ ሲመጣ እኔና ሰአዳ እየተጋፋን እንሮጣለን። በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። እሷ በአሥር ጣቷ እያንጣጣች ስትጽፍ እኔ በአንድ ጣቴ እንደ ዶሮ እለቅማለሁ፤ ሳቋን ስትጨርስ እጄን በእጇ ይዛ ፊደሉ ያለበትን ታሳየኛለች። ዛሬ እንጀራ የምበላበትን ሙያ ያስያዘችኝ እሷ ናት።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ሳይመጣላት ሲቀር አረብ አገር ልትሄድ ተነሣች። ከመሄዷ በፊት ማይክሮፎን ተውሳ፣ በሩን ዘግታ፣ ለእናታችን ድምጿን ቀዳች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ፕሮግራሙ አንድ ደቂቃ ሲሞላ በራሱ ቀጥ ስለሚል ንግግሯ በየደቂቃው ይቆረጣል፤ እሷም እየሳቀች ካቆመችበት ትቀጥላለች። ስናፍቅሽ ክፈቺው አለቻትና ሄደች። እናቴ ግን በሕይወት ያለ ልጅ ድምፅ በዕቃ አይሰማም ብላ ሳትሰማው ቆየች፤ ሰአዳ በየጊዜው ስለምትደውልላት አልቸኮለችም። በሄደች በዘጠነኛው ወር መርዶዋ መጣ። እዚያው ተቀበረች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ልቤ ይጥና እያለች ዓመታት አለፉ፤ አባታችንም ሞተ። በቀደም በሮመዳን ደወለችልኝና፣ “አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ጠንቻለሁ። ና ክፈትልኝና የልጄን ድምፅ ልስማ” አለችኝ።

ሞኒተርና መለዋወጫ ጭኜ መጣሁ። ኃይል ሰጪው በጤፍና በዝገት ታፍኖ ስለነበር ቀየርኩት። ማራገቢያውን ነፋሁ፣ ሜሞሪውን በላጲስ ፈተግሁ፣ ክቧን ባትሪ ለወጥኩ። ሁለቴ ሞክሬው እምቢ አለ። እናቴ፣ “አብሽር፣ ኢንሻአላህ ይነሣል” ብላኝ አክስቴ አብራት እንድትሰማ ከወዲያኛው ሰፈር ልትጠራት ወጣች። እሷ በሩን እንዳለፈች አንዴ ጢት አለና ተነሣ።

የሰአዳን ድምፅ ያስቀመጥንበትን ቦታ ከፈትኩ። ያለው አንድ የካራቴ ፊልም ብቻ ነው።

ረስቼው ነበር ብል ውሸቴን ነው፤ አውቄው ነበር ብልም ውሸቴን ነው። አሥራ አራት ዓመት ሊሞላኝ ሲል፣ እህቴ ገና በሕይወት ሳለች፣ ጓደኛዬ ያዋሰኝን ፊልም ልገለብጥ ብል ኮምፒውተሩ ሞልቷል አለኝ። የሁለት ዓመት ኮንትራቷ ሲያልቅ ትመጣ የለ፣ ያኔ ከፈለገች ትድገመው ብዬ ድምጿን አጠፋሁት። ተደምሮ የፊልሙን ሩብ እንኳ አይሆንም ነበር፤ ቦታ ያገኘሁት ሌላ ሌላውን ሰርዤ ነው። በያዝኩት የማስመለሻ ፕሮግራም ሁሉ ሞከርኩ። የሰው ፎቶ፣ የሰው ሠርግ ስንቱን አስመልሼበታለሁ፤ የእህቴ ድምፅ ላይ ግን ፊልሙ ተኝቶበታል። የእናቴ ኮቴ ሲሰማኝ ገመዱን ነቀልኩ።

የታጠበ ነጠላዋን ለብሳ፣ አክስቴን አስከትላ ገባችና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። አልነሣም አለ፣ ውስጡ ተበላሽቷል አልኳት። ሰፌዱ ላይ ያለውን ጤፍ አየችው። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞራ፣ “እኔ ነኝ። አይጥ ስሸሽ በእጄ ገደልኩት” አለች። እኔ የሣጥኑን ክዳን መልሼ ገጠምኩት።

ሰአዳ ያለችውን ነገር አሁንም በቃሌ እወጣዋለሁ። ድምጿ ግን ከጆሮዬ ጠፍቷል፤ ቀጭን ይሁን ወፍራም ብባል እንኳ መመለስ አልችልም። እናቴ አሁን በደወለች ቁጥር ሰላምታዋን ሳትጨርስ፣ “የእህትህን ድምፅ አጠፋሁብህ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልጄ” ትለኛለች። እኔም አውፍ ብያለሁ እላታለሁ።