ብቅሉን የፈጨሁበት ቀን

ባለቤቴ ወደ ደሴ ለመሄድ ስትነሳ እኔም ጫማዬን አስሬ ነበር። በር ላይ ቆማ አየችኝና፣ «አንተ ከመጣህ አንተን ሳጽናና ነው የምውለው። እህቴ እዚያ ትጠብቀኛለች። ይልቅ ብቅሉን አስፈጭልኝ» አለች።

ጡቷ ላይ ከተገኘው እብጠት ናሙና ወስደውላት ነበር፤ የዚያን ቀን ውጤቱን ልትሰማ ነው። የማኅበር ተራችን ደርሶ ስለነበር ጌሾውን ጠንስሳ፣ ብቅሉን አድርቃ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና ወጣች።

ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጃለሁ። ብቅሉን ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ብሄድ መብራት የለም። ባለወፍጮው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ «ዛሬም የሚመጣ አይመስለኝም» አለኝ። ትንሽ ጠብቄ ተመለስኩ። ቤት መቀመጥ ግን አልሆነልኝም። ስልኬን አያለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ ጓሮ እወጣለሁ፣ መልሼ እገባለሁ። ጎረቤታችን፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፣ በአጥሩ በኩል አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?»

«ብቅል የማስፈጭበት አጣሁ፣ እማማ።» የቀረውን አልነገርኳቸውም።

ስንዴ ለቅንጬ የሚከኩበት፣ በእጅ የሚዞር የብረት ወፍጮ ነበራቸው። አምጥተው ከጠረጴዛዬ ጠርዝ ጋር አሰሩልኝና፣ «ብሎኑን እንዳታጠብቀው፤ ብቅል ገርደፍ ሲል ነው ጥሩ» ብለውኝ ሄዱ።

እጀታውን ማዞር ጀመርኩ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ እጄ ሥራ አገኘ። ሁለት ጣሳ ያህል ከፈጨሁ በኋላ ግን በብረቱ ጩኸት መሐል ስልክ የጠራ እየመሰለኝ በየደቂቃው ማቆም ያዝኩ። አልጠራም። ብደውል ስልኳ ዝግ ነው። እህቷም አታነሳም። ስድስት ሰዓት አለፈ፤ ሰባት ሆነ። እነሱ ከሐኪሙ ወጥተው እንዴት እንደሚነግሩኝ እየተመካከሩ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሳላስበው ብሎኑን አጥብቄ፣ እንደ እብድ አዞረው ጀመር። መዳፌ ውኃ ቋጠረ፤ ፈነዳ፤ አሁንም አዞራለሁ።

አሮጊቷ ድምፁን ሰምተው መጡ። «ምን በድሎህ ነው እንዲህ የምትፈጀው?» አሉ።

ያኔ ነገርኳቸው። አይዞህም፣ እግዚአብሔር ያውቃልም አላሉኝም። በርጩማ ስበው ተቀመጡና እጀታውን ከእጄ ወሰዱት። «በል አንተ ጨምር፣ እኔ ላዙር።» በዝግታ ነበር የሚያዞሩት። ትንሽ ቆይተው፣ «የእኔ ሽማግሌ ሆስፒታል የተኙ ጊዜ ቤት ያለውን ልብስ ሁሉ አጠብኩት። ሳልጨርስ ደግሞ የታጠበውን መልሼ አጥብ ገባሁ» አሉ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ባለቤቴ በሩን ከፍታ ገባች። ብድግ ብዬ ጣሳውን ገለበጥኩት።

«አልደረሰም አሉኝ» አለች፤ «ሐሙስ ተመለሺ ነው የሚሉት። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነው፣ እህቴም የሷን ቤት ረስታው።»

ወደ ጠረጴዛው ቀረበችና ከተፈጨው በጣቶቿ ዘገን አድርጋ አሸት አሸት አደረገችው። «ይሄማ ዱቄት ሆኗል። ጠላው ሊደፈርስብኝ ነው» አለች። ይህን እያለች እንባዋ መጣ። በእብጠቱ ምክንያት ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። አሮጊቷ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ተቀብለው፣ ቀስ አድርገው አስቀምጠዋት ወጡ።

ሐሙስ አብሬያት ሄድኩ፤ አትምጣ አላለችኝም። ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ፣ «አደገኛ አይደለም» ሲል ልቤ አላመነም፤ መልሶ እንዲለው ጠየቅኩት። ደገመው።

ስንመለስ መርሳ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም፣ «ማንጎ አማረኝ» ብላ ወረደች። መንገድ ዳር ቆመን በላን፤ ጭማቂው እስከ ክርናችን ይወርዳል። ሾፌሩ ጡሩንባ ሲነፋ እኔ ተጣደፍኩ። እሷ ሁለተኛውን መላጥ ጀምራለች።

«ይሂድ» አለች፤ «ሌላ መኪና ይመጣል።»