ወደ ቻይና ስንሄድ ሊማሊሞ ላይ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አምጥቶ፣ ራሳቸውን የተላጩ የቻይና መነኮሳት ድንጋይ ደረጃ ላይ ሲዘሉ አሳየኝ። «አክስቴ፣ አንድ ቀን እዚህ ሄጄ ነው የምሠለጥነው» አለኝ። መነኮሳቱ ምንም አላደረጉኝም። እኔን ትዝ ያለኝ ማስተር ዳኜ ነው፤ ስሙ ሲነሳ ዛሬም ምራቄ ይመርረኛል።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጎንደር በኩንግ ፉ አብዳ ነበር። ቪዲዮ ቤቶቹ ከጧት እስከ ማታ ድብድብ ያሳያሉ፤ የቀበሌ አዳራሹ ሁሉ የጩኸት ቤት ሆኗል። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አሠልጣኛችን ማስተር ዳኜ ፒያሳ ከኮት ገበር ያሰፋውን ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይንጎራደዳል። ቻይና ገዳም ውስጥ ኖሬያለሁ ይላል። ቋንቋውን እንዲያሰማን ስንለምነው «ለጀማሪ አይነገርም» ይለናል። እኛም እናምነው ነበር፤ እርስዎ እያልን።

ያን ክረምት የቻይናን ካርታ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ለጠፈና ሦስት ቦታ በቀይ ከበበ፤ ሻውሊን ገዳምን፣ የውዳንግን ተራራና የታይቺ ስልት ተወለደበት የሚባለውን የቼን መንደር። «መስቀል ካለፈ በኋላ እንሄዳለን» አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እኛ ካርታው ሥር ቁጭ ብለን፣ የተቀቀለ በቆሎ እየጋጥን፣ የትኛውን አስቀድመን እንደምናይ እንከራከር ነበር።

ከሁላችን የጓጓው የጎረቤታችን ልጅ ከድር ነው፤ አባቱ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። «ማስተር፣ እዚያ የእስላም ሥጋ ይገኛል?» ብሎ ጠየቀ።

«ተዋጊ ስለ ሆዱ አይጠይቅም።»

እኔ ደግሞ ሴቶች ገዳሙ ውስጥ ይሠለጥኑ እንደሆነ ጠየቅኩ።

«እናንተ በር ላይ ሆናችሁ ዕቃ ትጠብቃላችሁ» አለ። ወንዶቹ ሳቁ። ከድር ብቻ አልሳቀም።

መስከረም ላይ «ውዳንግን ከመውጣታችሁ በፊት ሊማሊሞን ውረዱ» አለን። አምስት ተማሪዎች ከእሱ ጋር በአውቶቡስ ደባርቅ ደረስን። ለጥንካሬ ተብሎ በየቦርሳችን ድንጋይ ጭነን፣ በእግራችን ወደ አዲ አርቃይ ቁልቁል መውረድ ጀመርን። ድንጋይ ያልያዘው ማስተር ብቻ ነው። ጧቱ ሸጋ ነበር፤ ጦስኙ ይሸታል፣ ጭላዳዎቹ ገደል አፋፍ ላይ ሣር ይነጫሉ፣ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን እንወርዳለን። ቀትር ላይ ጉም ከሥር ወጣና በረዶ ወረደብን። ማስተር ቶሎ ለመድረስ ብሎ ከመኪናው መንገድ አስወጥቶ አቋራጭ አስገባን። እዚያ ጭቃ ላይ ከድር ተንሸራተተ። ስንደርስበት ቅልጥሙ ተሰብሮ እግሩ ወደ ጎን ዞሯል።

ማስተር ከላይ ቆሞ «ሕመም ከሐሳብ ነው፤ ትንፋሽህን ወደ እግርህ ላከው» አለው። ቀጥሎ ወረደና በቻይና ዘዴ አቀናዋለሁ ብሎ ጎተተው። የከድር ጩኸት ገደሉን ሞላው። ማስተር ፊቱ አመድ መስሎ እግሩን ለቀቀ። «መኪና ላስቁም» ብሎ ወደ መንገዱ ወጣ።

ጥቂት ቆይቶ የጭነት መኪና ዳገቱን እያቃሰተ መጥቶ ሲቆም ሰማን። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ መኪናው ወደ ደባርቅ ቀጠለ።

«እርዳታ ሊያመጣልን ነው» አለ ከድር፣ ጥርሱን ነክሶ።

በረዶው አባርቶ ብርድ እስኪገባን ጠበቅን። ማንም አልመጣም። ያን ጊዜ ድንጋዮቹን አራግፈን፣ የኩንግ ፉ መቀነቶቻችንን ሁሉ ፈታን፤ በሁለት እንጨት መካከል ቋጥረን ከድርን አስተኛነውና አራት ሆነን ጭቃውን ወጣን። ከአዲ አርቃይ የመጣ አውቶቡስ አነሳን። ተሳፋሪዎቹ የኋላውን ወንበር በሙሉ ለቀቁለት።

ደባርቅ ጤና ጣቢያ አስገብተነው ማስተርን ፍለጋ ወጣሁ። አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ጥብስ ከፊቱ ቀርቦ፣ ሰዎች ከበውት፣ ስለ ገዳሙ ያወራል።

«እርዳታው የታለ?» አልኩት።

እጁን ጠረገ፤ የከበቡትን ሰዎች ቃኘ። «ፈተና ነበር» አለ። «አልፋችኋል።»

«አንተ ግን ወድቀሃል» አልኩት፤ አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ወዲያ አዳራሹን ረግጬው አላውቅም።

ከድር ያን ዓመት ከትምህርት ቀረ፤ እግሩ ዳነ፣ ግን አጠረ። ቻይና የሄደ ማንም የለም፤ ሰውዬው ለራሱ እንኳ ፓስፖርት አልነበረውም። ከእሱ ይልቅ ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። ከድርን አብረውኝ ከተሸከሙት ሁለቱ በሳምንቱ ተመልሰው ካርታው ሥር ተቀመጡ። ስጠይቃቸው «ፈተናውን እኮ አልፈናል» አሉኝ፤ ደረታቸውን ነፍተው።

ዛሬ ከድር በአባቱ ሱቅ ነው ያለው። ብርድ ሲሆን ያነክሳል። ሰውዬውን ሳነሳበት «ተይው፣ ፈርቶ ነው» ይለኛል። መፍራቱን እኔም አውቃለሁ። ነርስ ሆኜ ስኖር ደም አይቶ የሸሸ አባት አይቻለሁ፤ ኮሪደር ላይ ሲያለቅስ አግኝቼው ውኃ ሰጥቼዋለሁ። ለሚፈራ ሰው ልቤ ክፍት ነው። ሸሽቶ ጥብሱን እየበላ፣ ሽሽቱን ለእኛ ትምህርት አድርጎ ለሚያቀርብ ሰው ግን ያ ልብ የለኝም፤ እንዲኖረኝም አልፈልግም።