ጎን ላይ የተሰቀለው ጣሳ

ጠላ ቤት የተቀጠርኩ ቀን መጀመሪያ የያዝኩት ጠላ አይደለም፤ ጣሳ ነው። ከጎረቤላ ወደ ደብረ ብርሃን የወጣሁ ልጃገረድ ነበርኩ። እትዬ አስካለ የምትባል ጠማቂ ዘንድ ገባሁ። አስካለ ወፍራም፣ ቁጡ፣ ከወንድ ጋር ስትሳደብ የማታፍር ሴትዮ ነበረች። ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ሰጠችኝና «ጫፉ ላይ ጣሳ ድፊና በር ላይ አቁሚው» አለችኝ።

«ይኸው ነው ሥራው?» አልኳት።

«እሱን ሳትሳሳቺ ከሠራሽ ሌላውን ቀስ ብለሽ ትሳሳቻለሽ» አለችኝ።

ለማታውቁት ልጆች ልንገራችሁ። እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ካያችሁ እዚያ ቤት ጠላ አለ ማለት ነው። አይጠየቅም። ጣሳ እያየ «ጠላ አለ ወይ?» ብሎ የሚያንኳኳ የለም፤ ዘው ብሎ ገብቶ ይቀመጣል። ጣሳው ከሌለ ደግሞ ቄሰ ገበዙም ቢሆኑ ምራቃቸውን ውጠው ያልፋሉ።

የዚያን ቀን ተሲያት ላይ ቤቱ ሞላ። አስካለ ጋኑን ጎርጎር አድርጋ አየችና «ጣሳውን አውርጂ» አለችኝ። «ገና አለ እኮ» ስላት፣ «ያለው ለተቀመጠው ነው፤ የሚመጣው ሳይደርስ አውርጂ» አለች። ሳወርደው አንድ ሾፌር ደረሰና «ምነው እኔን ስታዩ?» ብሎ ሰደበን። አስካለም ከውስጥ ሆና ከነእናቱ መለሰችለት። ሥራ የጀመርኩት እንዲህ ነው።

ጠላ ቤት ማዕረግ አለው። ከታች ጋን አጣቢዋ ናት። ጋን በግራዋ ቅጠል ይፈተጋል፣ ከዚያ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ከሷ በላይ ጌሾ ወቃጯ አለች። ቀጥላ አሻሮ የምትቆላው ናት፤ ገብሱን ካሳረረችው ጠላው ይመራል፣ ካላበሰለችው ሆድ ይነፋል፣ በሁለቱም የምትሰደበው እሷ ናት። ከዚያ ቀጂዋ። ቀጂ ቆንጆ መሆን አለባት ይባል ነበር፤ እኔ ተራዬ ሲደርስ ሕጉን ትተውት መሰለኝ። ከሁሉም በላይ ጠማቂዋ ናት። ሁሉንም አልፌ አስካለ ስታርፍ ጋኖቿን ወረስኩ። አፏንም አብሬ ወረስኩ ይላሉ።

የደብረ ብርሃን ጠማቂ ጠላቷ ብርድ ነው። ቆላ ቶሎ የሚፈላው ድፍድፍ እዚህ ተኝቶ ያንኮራፋል። እኔ ጋኑን በገለባ ከብቤ በአሮጌ ባና እጠቀልለዋለሁ። ባሌ ነፍሱን ይማረውና «እኔን እንደዚህ አቅፈሽኝ ታውቂያለሽ?» ይለኝ ነበር። «አንተ መቼ ፈልተህ ታውቃለህ?» እለው ነበር።

አንድ ጊዜ አንድ ሹም መጣና «እማማ፣ ጣሳ ኋላ ቀር ነው፤ ታፔላ አስጽፊ» አለኝ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አልኩት። «ጸሐፊው ‹ሚስማር አለ› ብሎ ቢጽፍብኝ በምን አውቃለሁ? ሚስማር ፈላጊ ሲሰለፍ ልወቀው?»

ሳቀና ተቀመጠ። ጠጣና ሄደ። ታፔላውንም ረሳው፣ ኮፍያውንም ረሳው።

እንግዲህ ወደ ስልኩ ነገር ልምጣ። ፍሬ የልጄ ልጅ ናት፤ ይኸን የምትጽፍልኝም እሷው ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ስትጠብቅ ብሎግ ከፈተችልኝ። ምንድን ነው ብላት «ቤት በይው» አለችኝ። «መሃሉ ላይ አንቺ የምትነግሪኝን እጽፋለሁ። ጎኑ ላይ ደግሞ ትንንሽ ነገር ይለጠፋል። ዊጀት ይባላል፤ ባጅም አለ።»

«ምን ምን አለው?»

«የአየር ጠባይ አለ። ደብረ ብርሃን ዛሬ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ያሳያል።»

«ደብረ ብርሃን ብርድ መሆኑን ያልሰማ ሰው ጠላዬን አይጠጣ። ሌላ።»

«ስንት ሰው እንደመጣ የሚቆጥር አለ።»

«ሰው አይቆጠርም፣ አንቺ ልጅ። ሌላ።»

«እንግዲያ ምን ልለጥፍ? ራስሽ ንገሪኝ!»

«ጣሳ» አልኳት።

ወጥታ የደጄን ጣሳ ፎቶ አነሳችው። አሠራሩን አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ። የፎቶው ዳር ዳሩ ይቆረጣል፤ ከሥሩ «ጠላ አለ» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ኮድ የሚሉት ጽሑፍ ከሌላ ቦታ ይቀዳና የጎኑ ሳጥን ውስጥ ይለጠፋል። መጀመሪያ ላይ ጣሳው ገጹን በሙሉ ሸፍኖት ወጣ። «ይኸ በርሜል ነው፤ አሳንሺው» አልኳት። አሳነሰችው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ተጋደመ። «ይኸስ ሰክሯል፤ አቃኚው» አልኳት። ተነጫንጫ አቃናችው። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ የማላውቀው ሰው ይመጣ ጀመር። መነጽር ያደረጉ ልጆች ጠላውን ትተው ጣሳውን ፎቶ ያነሳሉ። እዚያው ሰፈር ማሚቴ የምትባል ጠማቂ አለች፤ ከወጣትነታችን ጀምሮ ደንበኛ ስንነጣጠቅ የኖርን ነን። አንድ ቀን ውሃ ስንቀዳ «ዘነቡ፣ በስልክ ማጠጣት ጀመርሽ አሉ። አተላውንስ በምን ትልኪላቸዋለሽ?» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ሆዴ ግን አልሳቀም።

ፍሬ ለሥራ ፈተና አዲስ አበባ ሄደች። በዚያው ሰሞን ለሰርግ ጠላዬን ጠራርገው ወሰዱትና ጋኑ ባዶ ሆነ። እንደ ደንቡ የደጄን ጣሳ አወረድኩ። የስልኩም አብሮ የወረደ መሰለኝ። ምን ላድርግ፤ ፍሬ ፎቶ ያነሳችው እሱኑ ጣሳ ነው፣ ዓይኔ እያየ። ቴሌቪዥኑ ኳሱን ሜዳ ላይ እየተመታ ሳለ አይደል የሚያሳየው? እንጨቱን ስነቅል እዚያም ይነቀላል ብዬ ነው። ፍሬ ደግሞ በልቧ «ሲያልቅ ትደውልልኛለች» ብላ ነው የሄደችው። ሁለታችንም በየልባችን የምናውቀው መስሎን አልተነጋገርንበትም።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ደምሴ የሚባል ሰው በባጃጅ ጀሪካን ጭኖ መጣ። ከወለጋ ተፈናቅለው እዚህ ካምፕ ከሚኖሩት ገበሬዎች አንዱ ነው። ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበር።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ዘነቡ። ጠላ ፈልገን ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጠላ እኮ አልቋል፣ ወንድሜ። ጣሳውን አውርጄዋለሁ፣ አላየህም?»

ዞሮ ደጁን አየ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። ጣሳዬ እዚያ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከሥሩ «ጠላ አለ» እንደሚል አነበበልኝ።

«ልጄ ናት ትናንት ያሳየችኝ» አለ። «ስልክዎም ተጽፎበታል፤ ልደውል አልኩና፣ ጣሳ ተሰቅሎ ይጠየቃል እንዴ ብዬ ተውኩት።»

ትክክል ነው። አይጠየቅም።

የሚስቱ ሙት ዓመት ነው። እዚሁ ካምፕ ነው ያረፈችው፤ ለአርባዋ እጁ ባዶ ነበርና ምንም አላደረገላትም። አሁን ቄሶቹን ጠርቷል፣ የካምፑን ሰው ጠርቷል፣ ዳቦውና ንፍሮው ደርሷል። ጠላ ግን እዚያ አይጠመቅም፤ አንድ መጠለያ ውስጥ ስንቱ ቤተሰብ ተፋፍጎ እየተኛ ጋን የት ይቀመጣል?

«አገሬ ሳለሁ ለሰው ተዝካር በጋን የምልክ ሰው ነበርኩ» አለኝ። «ዛሬ ሰው ጠርቼ ለሷ ውሃ ላቅርብ?»

አላለቀሰም። ጀሪካኑን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ብቻ ያዛውራል።

ለፍሬ ደወልኩ። «ጣሳው ቆሟል!»

«እና? ጠላው አልቋል እንዴ?»

«አልቋል! አወረድኩት እኮ!»

«የቱን አወረድሽ? የደጁን?»

«ታዲያ የማንን ላውርድ?»

«ወይኔ፣ እማማ» አለች። እዚያው ሆና አወረደችው። «ሰውየውስ? ያ በባና የጠቀለልሽው ድፍድፍ አይሆነውም?»

«ገና ነው። እሱን የጠጣ እንግዳ ከሟቿ ይልቅ ሽንት ቤቱን ሲያስታውስ ይኖራል። ካምፕ ውስጥ የሽንት ቤት ሰልፍ አይተሻል?»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ነጠላዬን አጣፋሁና ደምሴን አስከትዬ ወደ ማሚቴ ሄድኩ። የሷ ጣሳ ደጇ ላይ ቆሟል። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩን ዘጋችው።

«ምነው ዘነቡ፣ ስልኩ ደረቀ?»

«ደረቀ። ጠላ ስጪኝ።»

«ለአንቺ?»

«ለሙት ዓመት ነው። የሱ ሚስት ናት። ሰው ጠርቷል።»

ማሚቴ ደምሴን አየችው፤ ጀሪካኖቹን አየች። አፏ ተከፍቶ ነበር፣ ዘጋችው። ማሚቴ ስድብ ስትውጥ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። «ግባ፣ ወንድሜ» አለችው። እኔን ግን ነጠላዬን ይዛ አስቀረችኝ።

«የኔም ጣሳ ስልኩ ላይ ይሰቀላል።»

«ይሰቀላል።»

«ካንቺ በላይ።»

«ጎን ለጎን ይሁን።»

«በላይ።»

«እሺ በላይ! ቅጂ።»

እሷ ቀዳች፣ እኔ አጠለልኩ። ቀመስኩት። አሻሮው ትንሽ አርሯል። አፌ ላይ የመጣውን መልሼ ዋጥኩት፤ እሷም አንድ ስድብ ውጣለች፣ እኩል ነን።

ሁለታችንም ባጃጁ ላይ ተሳፍረን ካምፕ ሄድን። ጸሎቱ አልቆ ዳቦው ሲቆረስ ጠላው ደረሰ። ማሚቴ በጆግ፣ እኔ በጆግ፣ በየረድፉ እየዞርን ቀዳን። ደምሴ ከኋላችን «ለሳቸው ጨምሩላቸው፣ ለሱም ጨምሩለት» እያለ ያዝዘናል። ጠዋት ቤቴ የመጣው ሰውዬና ይኸኛው አንድ ሰው አይመስሉም።

አንድ ትልቅ ሽማግሌ ጠጥተው ጺማቸውን ጠረጉና ተነሱ። «ከአገራችን ከወጣን እንዲህ ያለ ጠላ አልቀመስንም። እትዬ ዘነቡ፣ እጅሽ ይባረክ!» አሉ። ሰዉ ሁሉ አሜን አለ።

ማሚቴ አጠገቤ ናት። ጆጉን ይዛ ዓይኗን ሳትሰብር ታየኛለች። እንዲህ ያለ ምርቃት ዕድሜ ልኬን ጠምቄ አግኝቼ አላውቅም፤ የመጣው ደግሞ ባረረ አሻሮ ነው። ዝም ብል ሌላ የሚያውቅብኝ የለም።

«የኔ አይደለም፣ አባቴ» አልኩ። «የማሚቴ ነው። የኔ አልቆ ነበር።»

ሽማግሌው ምርቃቱን ወደሷ አዞሩት። ማሚቴ «አሜን» ስትል የቄሶቹን ድምፅ ዋጠችው። ስንመለስ ቤቷ ደጃፍ ላይ ከባጃጁ ስትወርድ «አሻሮው አርሮብኝ ነበር እኮ» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት።

ፍሬ ስትመለስ ሁለት ጣሳ ለጠፈች፤ የማሚቴ ከላይ፣ የኔ ከታች። እኔም ማሚቴም መጻፍ ስለማንችል በሚስኮል ተስማማን። ፍሬ አንድ ሚስኮል ሲመጣላት የደዋይዋን ጣሳ ታወርዳለች፣ ሁለት ሲመጣ ትሰቅላለች። ማሚቴ ከልጇ ስልክ ደውላ የኔን ልታስወርድ ሞክራለች፤ ፍሬ የማን ስልክ እንደሆነ ስላወቀች አልሆነላትም። የአየር ጠባዩንም ሳልፈቅድላት ለጥፋዋለች፤ ብርድ ነው ይላል አሉ።

ጠማቂዎችም፣ ብሎግ የምትከፍቱ ልጆችም፣ ጎናችሁ ላይ ምልክት ከመስቀላችሁ በፊት ማን እንደሚያወርደው ተነጋገሩ። ምልክቱን ያመነ ሰው ደውሎ አይጠይቃችሁም፤ ጀሪካኑን ይዞ ይመጣል።