እንዲህ ሆኜ ነው የምቆርበው

በእኛ ሰፈር፣ መካኒሳ አቦ፣ ቁርባን የሕፃንና የሽማግሌ ነው። ሕፃኑ ኃጢአት ስለማያውቅ፣ ሽማግሌው ደግሞ አቅሙ ስለሌለው ይመስለኛል። መሃል ላይ ያለነው ነጠላችንን አጣፍተን ውጭ እንቆምና ቅዳሴው ሲያልቅ ጸበል ጠጥተን ወደየቤታችን እንሄዳለን። ባሌ ከሞተ በኋላ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ ንስሐ ገብቼ መቁረብ ስጀምር ጎረቤቶቼ ቤቴ ድረስ መጥተው «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አሉኝ። አንዷማ ብርቱካን ሁሉ ይዛ ነበር።

አላመመኝም። አመሌ ግን መጥፎ ነው። ስናደድ አፌ ቀድሞኝ ይሄዳል፤ እኔ የምደርሰው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ለንስሐ አባቴ የምናዘዘውም ዓመቱን ሙሉ ያንኑ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ተሳደብኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ አንዳንዴ «ዛሬ ደግሞ ተራው የማን ነበር?» ይሉኛል።

የምንኖረው አምስት ቤት አንድ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነው። ከእኔ ቀጥሎ ባለው ቤት ከባሏ ጋር የምትኖረው አንዲት እኩያዬ ናት። ልጅ የላቸውም። እሷም እሑድ እሑድ አቦ ትሄዳለች፤ ግን ከአጥሩ ግንብ አልፋ አታውቅም። አንድ ቀን አብረን ሽንኩርት ስንልጥ «እግዜር ማህፀኔን የዘጋው በወጣትነቴ በሠራሁት ነው፤ በምን ፊቴ እቀርባለሁ?» አለችኝ። ምን እንደሠራች አልጠየቅኳትም። ያን ቀን እንኳ አፌ ልብ ነበረው።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ውሃ መጣ። በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ የሚመጣው ጄሪካን በወረፋ ይደረደራል። ወጥ ከእሳት ላውርድ ብዬ ገብቼ ስወጣ የእሷ ሦስት ጄሪካኖች ከእኔ ፊት ተሰልፈዋል። «ተራው የማን ነው?» አልኳት። «የእናንተ ጄሪካን ሞልቷል ብዬ ነው» አለች። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ግን «ይሄ ሁሉ ውሃ ለማን ነው? የሚታጠብ ልጅ የለሽ!» አልኩ።

እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ቢያንስ እኩል እንሆን ነበር። አልሰደበችኝም። ገና ያልሞላውን ጄሪካን አንስታ ገባችና በሯን ዘጋች። ያኔ አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የግቢው አከራይ፣ በእድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴትዮ፣ በረንዳቸው ላይ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። «ቆራቢዋ እንዲህ ከተናገረች እኛማ ምን ይቅረን!» አሉ። «የእሑዱን ተይው። በቁርባን አይቀለድም። መጀመሪያ ጽደቂ፣ ከዚያ ትቀርቢያለሽ።»

«እትዬ፣ እስክጸድቅ ከጠበቅኩማ የሚቀርበው ሬሳዬ ነው» አልኳቸው።

ማፈሬ አልቀረም፤ እሱ ሌላ ነው። ግን ይሄን «ጽደቂና ነዪ» የሚሉትን ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሠላሳ ዓመት ውጭ ቆሞ «አልበቃሁም» ማለት ትሕትና ይመስላል፤ እኔ አላምነውም። ውጭ የቆመን ሰው ማን ይጠይቀዋል? ቢዋሽ፣ ቢሰክር፣ ሚስቱን ቢመታ «ድሮም ኃጢአተኛ ነኝ» ብሎ ይገላገላል። እኔን ግን ቁርባኑ ራሱ ይዞኛል። በቅዳሴው መሃል ንጹሕ ያልሆነ እንዳይቀርብ ማስጠንቀቂያው ሲነገር የሳምንቱን ስድቤን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ። ጻድቅ ነኝ ብዬ አላውቅም። ኃጢአተኛ ነኝ ብዬ ግን ቤቴ አልቀመጥም።

ማታውን ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። የተናገርኩትን ቃል በቃል ስነግራቸው እንደ ወትሮው አልቀለዱም። «አርባ አንድ ስግደት ነገ ትሰግጃለሽ። እሷ ይቅር ሳትልሽ ደግሞ እሑድ እንዳትመጪ» አሉኝ።

«አባ፣ እኔ ግን ምንድን ነኝ? ይኸው ሰባት ዓመቴ፣ እቆርባለሁ፣ እሳደባለሁ። ጻድቅ ነኝ ወይስ ኃጥእ?»

«ልጄ፣ እኔም እኮ የንስሐ አባት አለኝ» አሉና ዘጉት።

ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ስድሳ ዓመት የቀደሱ ሰው፣ እሳቸውም ሄደው ተንበርክከው «አጠፋሁ» ይላሉ! ይሄ አዋረዳቸው ብዬ አላሰብኩም። እንዲያውም ልቤ ሞላ።

ዓርብ ሰገድኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ይቅርታ ልጠይቅ ተነሳሁ። በእናቴ አገር በዳይ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ አድርጎ ይንበረከካል፤ ተበዳይ ይቅር ካለ ድንጋዩን ከላዩ ያነሳለታል። መካኒሳ ላይ ደግሞ ድንጋይ ሞልቷል፤ ከመንገድ ሥራው የተረፈ ኮብልስቶን በራችን ላይ እንደተከመረ ነው። አንዱን በሁለት እጄ አነሳሁና ወደ ግቢ ገባሁ። በሯ ስደርስ ማጅራቴ ላይ ላደርገው ነው ሐሳቤ።

እሷ ልብስ እያሰጣች ነበር። ቀና ስትል ያየችው እኔን ነው፣ ከነድንጋዬ። ፊቴ ደግሞ ስፈራም ስናደድም አንድ ነው።

«ኧረ በማርያም! ልትፈነክተኝ ነው! ድረሱልኝ!»

ያልተሰጣውን አንሶላ ጥላ ቤቷ ገባችና ቆለፈች። አከራያችን መጥረጊያ ይዘው ወጡ። «ይቅርታ ልጠይቃት ነው እትዬ!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸውም «በድንጋይ?» ብለው ጮሁ። ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። በሯ ፊት ሲሚንቶው ላይ ተንበረከኩና ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ ጫንኩት። ከባድ ነበር።

በሩ በመጠኑ ተከፈተ። ከእግሯ በስተቀር አይታየኝም።

«ለእኔ ብለሽ አይደለም የመጣሽው» አለችኝ። «ነገ ቁርባኑ እንዳይቀርብሽ ነው።»

«አዎ፣ እንዳይቀርብኝ ነው» አልኳት። «ባልቆርብ ኖሮ ይሄኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሌላ ስድብ አዘጋጅልሽ ነበር። ግን ያልኩሽ ነገር ክፉ ነው። ልጅ ያጣሽውም እግዜር ቀጥቶሽ አይደለም። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።»

አንገቴ ተቃጠለ። አከራያችን ከኋላዬ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ምናለ ሌላ ትንሽ ድንጋይ በመረጥኩ አልኩ በልቤ።

«የልጅ ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

«የልጅ ነገር አላነሳም።»

«ሌላውንስ? ሁለተኛ አልሳደብም በይ።»

«እሱን አልልሽም። እሞክራለሁ እንጂ እንደማልችል ታውቂያለሽ።»

ድንጋዩ ከማጅራቴ ተነሳ። ቀና ብዬ ሳይ በሁለት እጇ ሆዷ ላይ አቅፋው ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን ተናዳለች፣ በጣም ተናዳለች።

«ይቅር ብያለሁ» አለች። «ግን አታፍሪም? እንዲህ ሆነሽ ነው ነገ የምትቆርቢው?»

«እንዲህ ሆኜ ነው።»

«አንቺን ካስገባማ እግዜር ማንንም አይመልስም!»

ልትሰድበኝ ነበር ያለችው። አፏ ግን እንደተከፈተ ቀረ፤ የተናገረችውን ከእኔ እኩል የሰማችው ያኔ ነው። ጉልበቴን እያሻሸሁ ተነሳሁ።

«ማንንም» አልኳት። «አንቺንም ጭምር።»