ረጅሙ ቀሚስና ረጅሙ ጸሎት

ሌላዋ እናት ልጇ ሲቆም ታጨበጭባለች፣ እልል ትላለች። እኔ ልጄ ገና ዓመት ሳይሞላው የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ለቆ ሁለት እርምጃ ሲሄድ ባየሁት ጊዜ ሮጬ ቁጭ አደረግኩት። «ምን አስቸኮለህ?» አልኩት። ሳቀብኝ። ያኔም ሰው የሚያበሽቅ ልጅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው አሶሳ ውስጥ አንዲት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን በምታስተዳድረው የእናቶችና የሕፃናት ቤት ነበር። ደንቡ አጭር ነው፤ ልጅ በእግሩ ሲሄድ እናት ለሌላ ነፍሰ ጡር ቦታ ትለቃለች። ክፉ ደንብ አይደለም፤ አልጋው ጥቂት፣ ደጅ የምትጠብቀው ብዙ ናት። እኔ ግን ስፌት እየተማርኩ ነበር፤ ከትራስ ልብስና ከሕፃን ቀሚስ አልፌ ሸሚዝ ላይ ገና አልደረስኩም። ክልሉ አዲስ ስለነበር ከተማው ውስጥ ቢሮ በቢሮ ላይ ይከፈታል፤ የተሾመው ሁሉ ሸሚዝ ይፈልጋል። ኮሌታ መስፋት ከቻልኩ እንጀራ አለኝ። ካልቻልኩ ባምባሲ አጠገብ ወዳለው የሰፈራ መንደር፣ አባቴ ደጃፍ መመለሴ ነው። አባቴ ደግሞ «ዲቃላሽን ታቅፈሽ እንዳትመጪ» ብሎኛል። ያን ደጃፍ ከጅብ አብልጬ ነበር የምፈራው።

ስለዚህ ልጄን መሬት ነሳሁት። እኔ ስሰፋ በአንድ ክፍል የምናድረው ጓደኛዬ ታዝለዋለች። ከሆሞሻ የመጣች የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ የራሷን ልጅ ከፊት አቅፋ፣ የእኔን ከኋላ አዝላ «ወላሂ፣ ይሄ ልጅ ድንጋይ ነው!» እያለች ግቢውን ትዞራለች። «ዛሬም አልሄደም እንዴ?» ብሎ የጠየቃት ሰው ካለ በተሰባበረ አማርኛዋ «እግር የለውም። እኔ እግር አላየም» ትላለች።

በዚያ ላይ በተማርኩት ስፌት አንድ ነገር ሠራሁለት፤ ከእግሩ ጣት አልፎ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ። አስተማሪዋ ልኩን አይታ ራሷን ያዘች። ልጄ ሲነሳ ጫፉን ይረግጥና ይወድቃል። ደስ አለኝ። ደስታዬ ሳምንትም አልቆየም፤ ቀሚሱን በሁለት እጁ ሰብስቦ፣ ጭቃ እንደምትሻገር ወይዘሮ መሄድ ለመደ።

በየወሩ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ የሚሄደውንና የሚድኸውን ለማየት ይመጣሉ። መጀመሪያ ጸሎት ነው። ሌላ ጊዜ ልጄን ከአግዳሚው ወንበር ስር አስገብቼ በእግሮቼ እዘጋበት ነበር። አንድ ወር ግን ሽማግሌው በሚመጡበት ዕለት አንድ አዲስ ቢሮ ሊመረቅ ሆነ። ቢሮው ሹም እንጂ ወንበር ስላልነበረው የእኛን አግዳሚዎች ተውሰው በጋሪ ጭነው ወሰዷቸው። ሰሌን ተነጥፎ መሬት ተቀመጥን። ለሽማግሌው ብቻ ከወጥ ቤት አንድ በርጩማ ተገኘ።

የቤቱ ኃላፊ ከወለጋ የመጡ፣ ሁላችንም «አዴ» የምንላቸው ሴት ነበሩ። ጸሎታቸው አጭር፣ ቁጣቸው ረጅም ነው። «ዐይናችንን ጨፍነን እንጸልይ» አሉ። ሁሉም ጨፈነ፤ እኔም ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጨፈንኩ። ጌታን ስለ ቀኑ አመስግነው ሊጨርሱ ሲሉ ጭኔ ቀለለኝ። ዐይኔን ገለጥኩ።

ልጄ ቀሚሱን ሰብስቦ በሰሌኑ መሃል ወደ ሽማግሌው ይሄዳል። የሚያብረቀርቅ ጫማቸውን አይቷል።

ቀና ስል የአዴም ዐይን ተገልጧል። ልጄን አዩት፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ። አለቀልኝ አልኩ። አዴ ግን ዐይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ደግሞም ጌታ ሆይ፣ ዐይናችንን እንደጨፈንን፣ ስለ አዲሱ ክልላችን እንለምንሃለን!»

ስለ አሶሳ ጸለዩ። ስለ ካማሺ መንገድ ጸለዩ። የተዋሱት ሰዎች ወንበሮቹን እንዲመልሱ አጥብቀው ጸለዩ። እኔ በሴቶቹ መሃል በጉልበቴ እየዳህኩ ነው፤ ልጅ በእግሩ ይሄዳል፣ እናት ትድሃለች። እሱ ቀድሞኝ የሽማግሌውን ሱሪ ጨብጦ ቆመ። ሽማግሌው ዐይናቸውን ሳይገልጡ በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው ራሱን አገኙና ባረኩት። ደርሼ ጎትቼ ቁጭ ሳደርገው አዴ «አሜን!» አሉ። ላብ አጥምቋቸው ነበር።

ሽማግሌው ወደ ታች አይተው «ይሄኛው መሄድ ጀመረ እንዴ?» አሉ።

«እግር የለውም» አለች ጓደኛዬ ከኋላ።

አዴ የቀሚሱን ጫፍ ወደ ላይ ይዘው አሳዩአቸው። «እስቲ ይዩት ጋሼ፣ በዚህ ቀሚስ ማን ይሄዳል?» ሽማግሌው ሳቁና ወደሚቀጥለው ልጅ አለፉ።

እንግዳው ሲሸኙ አዴ ጆሮዬን ያዙ። «ኮሌታውን ቶሎ ተማሪ» አሉኝ። «ከእንግዲህ የምጸልይለት ወረዳ አልቀረኝም።»

ክረምቱ ሲወጣ ኮሌታው የተስተካከለ ሸሚዝ ሰፋሁ፤ ገበያው ዳር ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድም ሥራ አገኘሁ። በወጣንበት ጠዋት አዴ የልጄን ቀሚስ በእጃቸው አሳጥረውለት ነበር። በሩ ላይ አቁመው «በል፣ አሁን እንደ ልብህ ሂድ» አሉት። እሱ ግን ሁለት እጁን ወደ እሳቸው ዘርግቶ አለቀሰ፤ አንድ እርምጃ እምቢ! ያን ጊዜ እኚያ ቁጡ ሴት፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ነጠላቸውን አውልቀው አዘሉት። እስከ ገበያው ድረስ አላወረዱትም። እኔ ከኋላ ከኋላቸው እያለቀስኩ ሄድኩ፤ እሱ ጀርባቸው ላይ ሆኖ ይስቅብኝ ነበር።